ክረምት ያልሁት በጋ ነበር

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ውስጥ የነቁት ሾፌሮችና ዳቦ ሻጮች ብቻ ናቸው። የሚኒባሶቹን መስታወት ጤዛ ሸፍኖታል። የእንጅባራው እስኪሞላ ጋቢና ተቀምጬ እጄን በትንፋሼ አሞቃለሁ። ጥር ነው፤ ባሕር ዳርም እንኳ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ታስለብሳለች። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው ትናንት ስለሆነ ተሳፋሪው ብዙ፣ ጨዋታው ጥቂት ነው። ሁሉም ስለ መድረሱ ነው የሚያስበው።

የዚህ ዐምድ አንባቢዎች እኔ ስጓዝ ሐይቅና ገዳም፣ አሣና ማር ለምዳችኋል። የዛሬው እንደዚያ አይደለም። የሚያስኬደኝ አንድ ቃል ነው፤ ቃሉን የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሚያዝያ፣ የሰሜን ዋልታ መሞቅ የሌላውን ዓለም አየር እንዴት እንደሚያዛባ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ተርጉሜ እዚሁ ጋዜጣ ላይ አውጥቼ ነበር። «የዋልታው በረዶ ሲቀልጥ ክረምታችን ምን ይሆናል?» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ዋናው ላይ «ክረምታችን» የሚል የለም፤ «ችን»ን የጨመርሁት ለማሳመር ነው። እንዲያውም በዚያች ርእስ ተኩራርቼ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኔትወርክ ብቅ ባለችበት አንድ ከሰዓት፣ ከማላውቀው ስልክ ይህ መልእክት ገባ፦ «ጽሑፍህን ለሰፈሬ ሰው አንብቤ ነበር። ድንቹን ውርጭ በላው። ክረምት ያልኸው የትኛውን ክረምት ነው? መምህር ጌትነት፣ ከእንጅባራ አጠገብ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁትና ፊቴ ጋለ። መልስ ልጽፍ ስሞክር ኔትወርኩ ሄደ። ላልዋሽ፣ በመሄዱ ደስ አለኝ። ሲመለስ ደወልሁላቸው፤ ቀስ ባለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ» አልሁ። ይኸው ተከፈተ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ ዳንግላ

ሾፌራችን አበጀ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከመራዊ ጀምሮ በጎን ሲያየኝ ቆይቶ ዳንግላ ልንገባ ስንል ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ምን ንግድ ነው የሚያስኬድዎት?»

«የድንች ጉዳይ ነው።»

«ሊገዙ?»

«ይቅርታ ልጠይቅበት።»

ቁርስ ቤት ገብተን፣ ዓርብ ነውና ሽሮ ፍርፍር ከአንድ ትሪ እየበላን አስረዳሁት። ሰሜን ዋልታ ላይ ውቅያኖሱ በበረዶ የተሸፈነ ነው። በረዶው እንደ ድስት ክዳን ነው፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ሙቀቱን ወደ ላይ እንዳይተፋ ይከድነዋል። አሁን ክዳኑ ሳስቷል። ባሕሩ በበጋቸው የጠጣውን ሙቀት ብርዱ ሲገባ መልሶ ይተፋዋል፤ ያ አገር ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ይሞቃል። ድሮ ብርዱን እዚያው ሰሜን አጥሮ የሚይዘው በዋልታው ዙሪያ የሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ ነበር። ነፋሱን የሚያስሮጠው በቀዝቃዛው ሰሜንና በሞቃቱ ደቡብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ነፋሱ ይሰንፋል፣ ይንገዳገዳል፤ ብርዱም በሾለከበት ሾልኮ አውሮፓና አሜሪካ ከተማ ላይ ይፈስሳል። ዓለም እየሞቀ እያለ ድንገት አጥንት የሚሰብር ብርድ የሚመጣባቸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። «ሳይሆን አይቀርም» የምለው ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና ስለሚከራከሩበት ነው።

«ታዲያ የርስዎ ጥፋት የቱ ላይ ነው?» አለ አበጀ።

«ብርዱ የሚመጣው በክረምት ነው ብዬ ጻፍሁ።»

«እና አይደለም?»

«የእነሱ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው። የኛ በጋ።»

አበጀ ጉርሻውን አፉ አጠገብ አድርሶ ቆመ። «አሃ! ለካ የገና ካርድ ላይ በረዶ የሚያደርጉት ለዚህ ነው!» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና በትሕትና፣ ግን ሳይምር ጠየቀኝ፦ «እርስዎ ካርዱን አይተውት አያውቁም?»

አይቼዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም። መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ይላል፣ ትምህርት ቤትም «ክረምት» ብለው አስተምረውኛል፣ እጄም ሳይጠይቀኝ ጻፈው። የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ፣ የእነሱ ክረምት ብርድና በረዶ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ችግሩ ሁላችንም እያወቅን አንድ ስም መስጠታችን ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ አዲስ ቅዳም

መንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል ተብሎ በረድፍ በተተከለ ዛፍ ታጥሯል። ተራው የደረሰው ተቆርጦ የሚከስልበት ጉድጓድ ይጨሳል፤ የከሰል ጆንያዎች አናታቸው በሣር ተደፍኖ ጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ብርዱ ከዳንግላው ጠንክሯል። ሚኒባሱ ሲቆም አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በበርበሬ በመስኮት አቀረበችልኝ። ገዛሁ። ትኩስ ነበር፤ ግን አንዱን ቀምሼ ቀሪውን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። «የእንጅባራ ድንች ነው፣ ምን ሆንህ?» አለኝ እየዋጠ።

ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ከእንጅባራ ወደ መንደሩ

እንጅባራ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ያዝሁ። ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚያስኬደውን መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ባጃጁ ወደ ግራ ታጥፎ፣ የቀርከሃ አጥር ከአጥር በሚነካካበት ጠባብ መንገድ ገብቶ አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጅ አደረሰኝ።

መምህር ጌትነት ረጅም ሰው ናቸው፤ የመነጽራቸው ክንድ በጥቁር ክር ታስሯል። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ጂኦግራፊ መሆኑን በስልክ አልነገሩኝም ነበር። ስሰማ እንግዳ ተቀባይነታቸው ይበልጥ ከበደኝ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡ። የሳቸውን መብላት ግድ ነበር።

መምህሩ አንድ የተማሪ ደብተር አመጡ። ጽሑፌን ከስልክ ላይ በእጃቸው ገልብጠውታል፤ ነጠላ ሰረዟ እንኳ አልቀረችም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ለሰፈሩ ሰው ያነብባሉ። ዜና፣ የጤና ምክር፣ የማዳበሪያ ማስታወቂያ፣ የሚያገኙትን ሁሉ። በአማርኛ ያነብቡና ለአሮጊቶቹና ለሽማግሌዎቹ መልሰው በአገሬው ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ ይናገሩታል።

«አማርኛውን ሲሰሙ ጥርጣሬ ያደረባቸው ነበሩ» አሉ። «በአውኝኛ ሳወራው ግን ጥርጣሬው ሞተ። በኛ ቋንቋ የዝናብ ወቅት የዝናብ ወቅት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ያንተን ስሕተት አጥርቼ፣ አበጥሬ ነው የሰጠኋቸው።»

«መምህር፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል። የእነሱ ክረምት መቼ እንደሆነ...»

«ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ‹ክረምታችን› ስትል ግን፣ ሊቃውንቱ ስለኛ ያወቁት ነገር አለ ማለት ነው አልሁ። የታተመ ነገር ያስፈራኛል። ከራሴ ይልቅ አንተን አመንሁ።»

ለማሳመር የጨመርኋት «ችን» ናት ይህን ያደረገችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩማ ከታተመ በኋላ የባሰ ነው።

ድንቹን ሁልጊዜ በዝናቡ የሚተክለው የሰፈር ሰው፣ በዝናቡ ወቅት ብርድ ይመጣል ሲባል ግማሹ ዘሩን ይዞ በጋን ጠበቀ፤ በመስኖም ተከለ። ከሁሉ በላይ አምነው ዘራቸውን በሙሉ ለበጋ ያቆዩት ጎረቤታቸው አቶ ፈንታሁን ናቸው። ዝናቡ ጥሩ ሆኖ፣ ወትሮ እንደሚተክሉት የተከሉት ጎተራቸውን ሞሉ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ መጣና የበጋውን መታው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ የመምህሩ የገዛ ጓሮ ነው፤ በዝናቡ ተተክሎ አምርቷል።

«እኔ ነኝ የተከልሁት» አሉ እትዬ ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብለው። «ድንች ጋዜጣ አያነብም አልሁት፤ ተከልሁ። የባሕር በረዶ ቀለጠ ሲለኝማ፣ ባሕር ላይ የዘነበ በረዶ ድሮስ ላይቀልጥ ኖሯል ወይ ብዬ ስቄበታለሁ።»

መምህሩ አልሳቁም። ሰፈሩ «ለኛ አንብቦ ለራሱ ተከለ» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጽዱ ሥር ሲቆሙ ሰው ጤና ይስጥልኝ ብሎ ያልፋል። ሰላምታ አልከለከሏቸውም፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ አቶ ፈንታሁን ማሳ ላይ

አቶ ፈንታሁን ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሳይቀመጡ፣ ሳያስቀምጡኝ ወደ ማሳው ወሰዱኝ። የታችኛው ማሳ ጅረቱ አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። የድንቹ ግንድ እሳት የለበለበው መስሎ ጠቁሮ ተኝቷል፤ ስነካው በእጄ ላይ ደቀቀ።

«አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ዝቅ ያለ ቦታ በበጋ ለከብት እንጂ ለዘር አይሆንም፤ ብርድ እዚያ ይተኛል› ይል ነበር» አሉ። «አባቴን ትቼ ወረቀት ሰማሁ።»

የላይኛው ማሳ አነስተኛ ነው፤ ዘግይቶ የተተከለ፣ ቅጠሉ ገና ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ፣ ለምለም ድንች። የዘራቸው የመጨረሻ እሱ ነው። እሱ ከሄደ ለመጪው ዝናብ የሚተክሉት የላቸውም።

እዚያው ቆሜ ተናገርሁ። መምህር ጌትነት አላጠፉም፣ የተጻፈውን ነው ያነበቡት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ «ክረምት» ያልሁት የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ነው፤ «ችን»ንም የጨመርሁት ለማሳመር ነው። መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ረጅም ንግግር ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ ይህችኑ ብቻ ሆነ።

አቶ ፈንታሁን እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ይኼ ታች ያለው ውርጭ ከዚያ ባሕር ጋር ዝምድና አለው?»

የተማረ ሰው አፍ ላይ መልስ አይጠፋም። እኔም አንዱን ልመዝዝ ነበር፤ ተውሁት።

«አላውቅም» አልሁ። «ለአውሮፓው እንኳ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። እዚህ ድረስ ይመጣል የሚል አላነበብሁም። እዚህ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋሱ ሲቆም ነው። እሱን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።»

አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

ቀትር ላይ የመምህሩ ሬዲዮ በደጋማው አካባቢ የዛሬው ሌሊት እንደሚበርድ ተናገረ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። መምህሩ ወደ አቶ ፈንታሁን ደጅ ሄዱ፤ ተከተልኋቸው። «ፈንታሁን፣ የላዩን ማሳ በገለባ ሸፍነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።»

ገለባ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ለጥር መጨረሻው የፈረስ ግልቢያ አቶ ፈንታሁን ዳማ ፈረሳቸውን እየቀለቡ ነው፤ ደጃቸው ላይ የተከመረው የገብስ ገለባ የእሱ ቀለብ ነው። በድንቹ ላይ ከተበተነ በጤዛና በጭቃ ይበላሻል፤ ፈረሱም የአገሩ ሰው ፊት ከስቶ ይወጣል።

«ጌትነት፣» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ በክፋት ሳይሆን በድካም፣ «አንድ ጊዜ ያነበብህልኝን ሰማሁ። እሱ ይበቃኛል።» ፈረሳቸውን ይዘው ውኃ ሊያጠጡ ሄዱ።

መምህሩ እዚያው ደጅ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰው ሲያፍር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በሰው ጥፋት የሚያፍር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ልቤ ተቃጠለ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን መታመን እኔ በአንድ ቃል ስበትነው ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ሣሩ ነጭ ነው። ስንራመድ እንደ ጨው ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። መምህሩ ለቅዳሴ ነጠላቸውን ለብሰው ነበር፤ ግን መንገዳቸውን ወደ ላይኛው ማሳ አደረጉ። እኔ ላለመሄድ ፈልጌ ነበር።

አቶ ፈንታሁን ከኛ ቀድመው ማሳው ዳር ቆመዋል። ማሳው መሐል ለመሐል ተከፍሏል። በስተግራ በኩል ያለው ግማሽ በገለባ ተሸፍኗል፤ በስተቀኝ ያለው ራቁቱን ነው። በራቁቱ ቅጠል ላይ ውርጩ አብረቅርቋል፤ ፀሐይ ጫፉን ስትነካው እያየነው ይረግባል፣ ይጠቁራል።

መምህሩ ጎንበስ ብለው ገለባውን ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ነው።

«ግማሹን ለጌትነት ስል ሸፈንሁ» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ ወደኔ ሳያዩ። «ሠላሳ ዓመት ልጆቻችንን ያስተማረ ሰው ነው አልሁ። ግማሹን ባንተ ምክንያት ተውሁት።»

ጎንበስ ብዬ አንድ የጠቆረ ቅጠል ቀጠፍሁ።

እሳቸው ጨመሩ። «ያንን ግማሽም የሸፈንሁት ‹አላውቅም› ስላልህ ነው። ትናንት እንደ ጽሑፍህ እያሳመርህ ብታወራ ኖሮ ይኼም አይተርፍም ነበር።»

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩና በአውኝኛ አንድ ነገር አሉ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ብዙ ጠረጉት። ምን እንዳሏቸው መንገድ ላይ ጠየቅሁ። «ከቅዳሴ በኋላ ታነብልናለህ ወይ አለኝ» አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ጽዱ ሥር ዐሥር የማይሞላ ሰው ተሰበሰበ። መምህሩ ደብተራቸውን ገልጠው፣ «ክረምት» የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ ከላዩ «የብርድ ወቅት» እየጻፉ፣ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በየመሐሉ ሰው እያቋረጠ ይጠይቃል፤ ይኼ የኛ ነው የእነሱ? ይኼስ? ባለፈው ሚያዝያ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተከፈለበትን ሳስብ ግን አልቻልሁም።

በማግስቱ ስሰናበት አቶ ፈንታሁን ባጃጁ ድረስ ሸኙኝ። ጨዋ ሰው ጥፋተኛንም ይሸኛል። «ከእንግዲህ መጻፍ ልተው ይሆን?» አልኋቸው፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት ነበር።

«ጻፍ እንጂ» አሉ። «ጌትነት ሳያየው ግን አትላክ።»

ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ቤቴ ገባሁ። ሻንጣዬን ስፈታ ከጫማዬ ሥር አንዲት የገብስ ገለባ ወደቀች፤ አንሥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኋት። እርማቱን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፦ «ባለፈው ሚያዝያ በዚህ ገጽ ላይ ‹ክረምት› ያልሁት በጋ ነበር። ‹ክረምታችን› ያልሁትም የኛ አልነበረም። ይህን አምኖ ዘሩን ላቆየ፣ ይህን አንብቦ ስሙ ለጠፋ ሰው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው።»

የጋዜጣው አዘጋጅ ገጹ ዛሬ ማታ እንደሚዘጋ ደውሎ ነገረኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የላክሁት ለመምህር ጌትነት ነው። መልእክቱ ሳይደርስ ቆየ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። አዘጋጁ እንደገና ደወለ። ሊመሽ ሲል መልስ መጣ።

«ደርሶኛል። እኔ አይቼዋለሁ፤ ፈንታሁን ግን ፈረሱን ሊያበላ ገለባ ፍለጋ ሄዷል። እስኪመጣና እስካነብለት ጠብቅ።»

ለአዘጋጁ እርማቱ ለዛሬ እንደማይደርስ ነገርሁት፤ ተቆጣ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከገለባዋ አጠገብ አስቀምጬ ጠበቅሁ።